ከቆሎ ተማሪ ጎጆ እስከ ኮሌጅ መኝታ ቤት

ስለ ከፍተኛ ትምህርት ታሪካችን በተጻፈና በተነገረ ቁጥር ዘወትር የሚወሳው የመምህራኑ ማንነት፣ የፋኩልቲዎቹ ብዛትና የሕንፃዎቹ የምረቃ ቀን ነው። ተማሪው የት ያድር እንደነበር፣ ማዕዱን ከማን ጋር ይቆርስ እንደነበር፣ መብራት ከጠፋም በኋላ በምን ቋንቋ ያወጋ እንደነበር ግን እንደ ተርታ ነገር ይታለፋል። ይሁንና በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የወጣው ትውልድ በአገሪቱ ኑሮና በሥነ ጽሑፏ ላይ ያሳረፈውን ምልክት ከሥርዓተ ትምህርቱ ብቻ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የትምህርት ክፍሉ ያላሰበውን ትምህርት መኝታ ቤቱ ሰጥቷልና። ይህን ትምህርት ለመረዳት ደግሞ በቅድሚያ ኮሌጅ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው አዳሪ ተማሪ መመለስ ያሻል።

የአገራችን የመጀመሪያው አዳሪ ተማሪ የቆሎ ተማሪው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከእናት ካባቱ ቀዬ ተሰድዶ ወደ ዋድላ፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይወርዳል። ቅኔ የሚቀኝ ሰው በተወለደበት ቀዬ አይማርም ይባል ነበር፤ እናት ታባብላለች፣ ከብት ይጠፋል፣ ዘመድ ይሞታል፣ ትምህርቱም ይበተናል። የተሰደደው ልጅ ከደብሩ ዙሪያ በጭራሮና በሣር በተሠራች ጎጆ ከመሰሎቹ ጋር ተፋፍጎ ያድራል። ቀለቡን የሚሰፍርለት የለም፤ በየደጁ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኛትን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል፣ ከጓደኞቹም ጋር ይካፈላል።

ትምህርቱም ቢሆን ከየኔታ አፍ ብቻ የሚወርድ አልነበረም። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩን ያወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የተማሪው ነው። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ከጥሻ ለጥሻ ብቻውን እየዞረ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ማታ በጎጆው ውስጥ ቀደም ብሎ የገባው ኋላ የመጣውን ያስጠናል፤ ቤት የደፋው ቤት ያልደፋውን ይሟገታል። ስለዚህ ግማሹ ትምህርት የጎጆው ትምህርት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። የቆሎ ተማሪው የሚበላው እንጀራ ከየት እንደመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። የገበሬውን ደጅ ረግጧል፤ ውሻው ነክሶታል፤ አዝመራው የበጀበትንና የከፋበትን ዓመት በቁራሹ መጠን ለክቷል። ሆኖም ይህን ያየውን ሁሉ የሚናገርበት ቋንቋ ግዕዝ ነበር፤ የሚናገርበትም ስልት ሰምና ወርቅ። ጌታን የሚነካ ነገር ቢኖረው በሰሙ ያመሰግናል፣ በወርቁ ይወጋል፤ ገበሬው ግን ሰሙንም ወርቁንም አይሰማም። መጋቢውና ባለቅኔው በአንድ እንጀራ ተሳስረው በቋንቋ ተለያይተው ኖሩ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በአገሪቱ የተማረ ሰው እጅግ ተመናምኖ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በውጭ አገር የተማሩት ብዙዎቹ በወረራው ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ አልቀዋል። የትምህርትን ሚኒስቴርነት በእጃቸው ይዘው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ለየሚኒስቴሩ ጸሐፊና ሹም የሚሆን ወጣት ያስፈልጋቸው ነበር። ኮሌጁን እንዲያቋቁሙ ኃላፊነት የተሰጣቸው ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ሆኑ የማኅበራቸው ባልንጀሮች እዚህ የሚያስተምሩት የክህነት ልብሳቸውን ትተው፣ እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ነበር። ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩም የታወቀ ነገር ነበር። ኮሌጁ ዛሬ አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ባለበት ግቢ ተተከለ፤ ቻርተሩንም በ1946 ዓ.ም. አገኘ።

ወደዚህ ግቢ የገባው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ አዳሪነትን አስቀድሞ ያውቀዋል። ከኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጄኔራል ዊንጌት ወይም ከተፈሪ መኮንን የመጣ ነው። ከእነዚህም መካከል በልጅነቱ ዳዊት የደገመ፣ አልፎ አልፎም የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ አይጠፋም። የኮሌጁ ኑሮ ግን ለብዙው ሰው አዲስ ዓለም ነበር። አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ በሰዓቱ የሚደወል ደወል፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚቀርብ ገበታ፣ እስከ ማታ የሚያነቡበት ቤተ መጻሕፍት፤ ይህ ሁሉ ያለ ምንም ክፍያ። መውጫና መግቢያው ይቆጠራል፤ ሥነ ሥርዓቱ የጠበቀ ነው። ትምህርቱ ሲያበቃም የመንግሥት ሥራ ደጁን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

የዚህ ሁሉ ትርጉም ግልጽ ነበር። ቀለብ ከቤተ መንግሥት ነው፤ የሚጠበቀውም ውለታ ታማኝነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ይጎበኛሉ፤ ሽልማት ይሰጣሉ፤ እንደ አባትም ይቆጠራሉ። የቆሎ ተማሪው ገበሬውን አይቶ እንደበላ፣ የኮሌጁ ተማሪ ደግሞ ንጉሡን አይቶ ይበላል። ገበሬው ከዓይን ተሰወረ፤ እንጀራው ግን ያው የገበሬው እንጀራ ነበር። የተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ ከማንኛውም የፖለቲካ መጽሐፍ በፊት ከዚህ ቀላል ነገር ይጀምራል ማለት ይቻላል፤ ወጣቱ የተሰወረውን መጋቢ እንደገና ሲያገኘው።

ያገኘውም በመኝታ ቤቱ ነው። ቀን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩም፣ ፍልስፍናውም፣ ኬሚስትሪውም። ማታ ግን አልጋው ላይ ጋደም ያለው ልጅ ስለ አገሩ በእንግሊዝኛ አያወራም። ከሐረርጌ የመጣው፣ ከወለጋ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው፣ ከ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን ወዲህም ከኤርትራ የመጣው በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርድሯል። በየአፍ መፍቻቸው የሚያወጉ ቡድኖች ነበሩ፤ ሁሉም በአንድነት ሲሆኑ አማርኛ ይገባል። የአንዱ አባት ጢሰኛ ነው፤ የሌላው አባት ባለርስት ነው፤ የሦስተኛው ነጋዴ። አንዱ «እርቦ» ሲል ሌላው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። የጢሰኛ ልጅና የባለርስት ልጅ እኩል ሆነው፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ ስለ መሬት የሚነጋገሩበት ሌላ ቤት በዚያ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ እምብዛም አልነበረም።

ይህ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ፤ የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ተማሪዎቹን በማደፋፈር ያቆሙት ይህ ማኅበር ከ1945 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የራሱን መጽሔት አወጣ። በውስጡ የሚጽፉት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ለዕረፍት ወደ ቀዬአቸው ሲሄዱ የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የእርሻውን፣ የሽምግልናውን ወግ ከሽማግሌ ጠይቀው ይመለሳሉ፤ ለጓደኞቻቸው ያነባሉ፤ ይጽፋሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጠየቀው ልጅ በእንግሊዝኛ ጽፎ አሳተመው። የጽሑፎቹ ደረጃ ዛሬ ላለ ተመራማሪ ጎደሎ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ኑሮ የሚጽፈው በአመዛኙ የውጭ አገር መንገደኛ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ አንድ የሃያ ዓመት ተማሪ የእናቱን ቤት ወግ በራሱ እጅ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ስብስብ የተጀመረውም ሙዚየም በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መነሻ ሆኗል።

ሌላው የመኝታ ቤት መምህር ከድንበር ማዶ መጣ። ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት በ1950 ዓ.ም. በአክራ ከተሰበሰቡ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ። በተከታዩ ዓመት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኒያሳላንድና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መምጣት ጀመሩ። ሐሳቡ ለዘውዱ ክብር ነበር፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። እነዚህ እንግዶች ከቅኝ ገዥ ጋር የሚታገሉ ፓርቲዎችን፣ የሠራተኛ ማኅበራትን፣ የፈለጉትን የሚጽፉ ጋዜጦችን አይተዋል። ኢትዮጵያዊው ወጣት በሦስት ሺህ ዓመት ነፃነቱ እየተኩራራ ሲቀበላቸው፣ እነርሱ ደግሞ ከግቢው ወጥተው ያዩትን ድህነት ሳይሸሽጉ ነገሩት። ባዕድ ቢናገር ይቀየሙታል፤ በአጠገብ አልጋ የሚተኛ ወንድም ሲናገር ግን ዝም ብሎ ከማዳመጥ በቀር ምን ማድረግ ይቻላል?

ታዲያ ይህ የሌሊት ትምህርት የሚወጣበት አንድ መድረክ ነበረው፤ የኮሌጅ ቀን የሚባለው ዓመታዊ በዓል። ስፖርቱ፣ ትርኢቱ፣ ከዚያም የግጥም ውድድሩ ይቀርባል። በዓሉ ንጉሠ ነገሥቱና ባለሥልጣኖቻቸው የሚገኙበት በመሆኑ ግጥሞቹ መጀመሪያ ላይ ምስጋናና ምክር የሞላባቸው ነበሩ፤ የአገር ፍቅር፣ የዕውቀት ጥቅም፣ የዘውዱ ቸርነት። እነዚህን ማንም አያስታውሳቸውም፤ ባያስታውሳቸውም አይፈረድበትም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክሩ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው በሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ ለተማሪዎቹም ይቅርታ ተደረገላቸው። ይቅርታውን የሰጡት ሰዎች ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሏቸው ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። ርዕሱ ብቻውን ሁሉን ነገር ይናገራል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ተሰውሮ የነበረው መጋቢ በበዓሉ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ በአንደኛ መደብ፣ በራሱ አፍ ተናገረ።

በዚህ ግጥም የተደረገውን ለውጥ ከጽሑፍ ጥበብ አንፃር መመልከት ይገባል። የቅኔ ቤቱ ልጅ ንጉሥ ፊት ሲቆም ወርቁን በሰም ሸፍኖ ነበር። የኮሌጁ ልጅ ሰሙን ጣለ። ለዚህም ነው አንዳንድ የቅኔ ሊቃውንት እነዚህን ግጥሞች እንደ ጩኸት እንጂ እንደ ግጥም ያልቆጠሯቸው፤ ፍርዳቸውም ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ብዙዎቹ የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ረጃጅሞች ናቸው፤ ይደጋግማሉ፤ ቤት ለመምታት ሲሉ ቃል ያባክናሉ። ሆኖም የተጻፉት በወረቀት ላይ እንዲነበቡ አልነበረም፤ በአዳራሽ እንዲሰሙ ነበር። ቀልድና ሙግት በበዛበት ክፍል ውስጥ ለጓደኛ ተነበው፣ ተስቆባቸው፣ ታርመው የመጡ ግጥሞች ናቸው። አንድ ሰው ይፈርምባቸዋል፤ ድምፃቸው ግን የብዙ ሰው ነው። በዚህ ረገድ ከቅኔ ቤቱ ጎጆ ይልቅ ለተውኔት ይቀርባሉ፤ ገጸ ባሕርይ አላቸው፣ ተመልካች አላቸው፣ ተመልካቹም ከተነገረው በኋላ እንደነበረ ሆኖ አይወጣም።

በ1954 ዓ.ም. የቀረቡት ግጥሞች ይበልጥ ደፋሮች ሆኑ፤ ቅጣትም ተከተለ። በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ያጎረሰ እጅ ተነከሰ የሚል ስሜት አደረ። ከዚህም በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ፣ የኮሌጁ የአዳሪነት ሥርዓት ቀረ። ቀለብና መኝታ በወር ገንዘብ ተተካ፤ ተማሪውም በየሰፈሩ ቤት ተከራይቶ እንዲኖር ሆነ። የተማሪው ቁጥር መብዛትና ወጪው እንደ ምክንያት ሊጠቀስ ይችላል። ነገር ግን መዘጋቱ የመጣበትን ጊዜ ለሚመለከት ሰው፣ መንግሥት ከመምህራኑ ቀድሞ መኝታ ቤቱ ትምህርት ቤት መሆኑን እንደተረዳ አያጠራጥርም። አንድን መጽሐፍ ማገድ ይቻላል፤ የሌሊት ጨዋታን ለማገድ ግን አልጋዎቹን መበተን ያስፈልጋል።

በመካከሉ ሌላ ነገር ተፈጽሟል። በግልበጣው ሙከራ ጊዜ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ መሳፍንቱና ባለሥልጣኖቹ በጥይት የተደበደቡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ቤት ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ተመረቀ። አራት ኪሎ ያለው ኮሌጅ፣ የምሕንድስናው፣ የሕንፃው፣ የጎንደሩ የጤና ጥበቃና የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ ሁሉ በአንድ ስም ሥር ተጠቃለሉ። የንጉሥ መኝታ ቤት የነበረበት ሕንፃ ለተማሪ በተከፈተ ማግሥት፣ የተማሪው መኝታ ቤት ተዘጋ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ተውኔት ጸሐፊ የማይደፍረውን ትፈጽማለች።

መበተኑ የታሰበውን ውጤት አላመጣም። ከግቢው የወጣው ተማሪ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በየጓሮው ቤት ተከራየ፤ ከሊስትሮው፣ ከጠላ ሻጯ፣ ከቀን ሠራተኛው ጋር ጎረቤት ሆነ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ለአገልግሎት መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ከገጠር ከተሞች ገቡ። አያቱ ከወለደው፣ መኝታ ቤት ውስጥ ከሰማው ገበሬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ።

ግጥሙስ ምን ሆነ? በ1950ዎቹ ማብቂያ ሁለት ታላላቅ ድምፆች ተሰሙ። አንደኛው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ የገሞራው፣ «በረከተ መርገም» ነው። የቅኔውን ቤት ጠንቅቆ የሚያውቀው ገሞራው የጥንቱን ጎጆና የአዲሱን ግቢ በአንድ ትንፋሽ አገናኘ። ሁለተኛው የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ነው። የኦሮሞው ወጣት በአማርኛ ግጥም የጠየቀው ይህ ጥያቄ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ወጣቶች ጎን ለጎን ተኝተው ሳለ ሲጉላላ የኖረ ጥያቄ ነው። በመድረክ ላይ ሲነሣ አዳራሹ በጥያቄ ምልክቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ግን የተማሪው ሐሳብ ዋና ማደሪያ ግጥም መሆኑ እየቀረ፣ በራሪ ወረቀትና መጽሔት ቦታውን ያዙ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድነት ማኅበር መጽሔት የሆነው «ትግል» በአመዛኙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ለውጥ ስለ ይዘቱ ብዙ ክርክር የተነሣበትን ያህል ስለ ቋንቋው እምብዛም አልተነሣበትም፤ ሊነሣበት ግን ይገባል። «ደሃው ይናገራል»ን በር ላይ የቆመው ዘበኛ ቢሰማው ይገባዋል። የኋለኛው ጽሑፍ ስለ ዘበኛው ይናገራል፤ ዘበኛው ግን አይሰማውም። ተማሪው ግዕዝን ጥሎ በአማርኛ ወደ አደባባይ በወጣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሌላ ግዕዝ አበጀ። በሳል ትንታኔ አገኘ፤ በምትኩ የከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ወደቀ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን በግቢው ውስጥ ከበው ሳሉ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ተማሪዎችም ሞቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. አዲሱ ወታደራዊ መንግሥት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲያሰማራ ዩኒቨርሲቲው ባዶ ሆነ። በኋላም በቀይ ሽብር ዓመታት በአንድ ግቢ የተማሩ ወጣቶች በሁለት ጎራ ተሰልፈው ተገዳደሉ። ያ ወሬ በሌላ ስፍራ በስፋት ተጽፏል።

መኝታ ቤቶቹ ተመልሰው ተከፍተዋል። በየክልሉ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተተክለው፣ ለብዙ ዓመታት በአገር አቀፍ ፈተና ያለፈው ወጣት ከቀዬው ርቆ እየተመደበ፣ ቋንቋውን ከማያውቀው ልጅ ጋር ባለ ድርብ አልጋ ክፍል ውስጥ ሲያድር ኖሯል። የጥንቱ ስደት በመንግሥት ምደባ ተተካ ማለት ነው። በ1912 ሳይሆን በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በበርካታ ግቢዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው በሌሊት ወደየቤታቸው ተመለሱ። በ1940ዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበሩ ልጆች ወደ ቀዬአቸው የሚሄዱት የአገራቸውን ወግ ለጓደኞቻቸው ይዘው ለመመለስ ነበር።

ቀለቡን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሦስተኛ መልክ ይዟል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን በኋላ ከሚያገኘው ደመወዝ እንዲከፍል የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የቆሎ ተማሪውን ገበሬው አበላው፤ የኮሌጁን ተማሪ በገበሬው እንጀራ ቤተ መንግሥቱ አበላው፤ የዛሬው ተማሪ የሚበላው ከራሱ የነገ ደመወዝ ተበድሮ ነው። ከምግብ አዳራሹ በር ላይ ካርዱን አሳይቶ፣ ሳህኑን ተቀብሎ፣ ከማያውቀው ልጅ አጠገብ ይቀመጣል።